በር የሌለው ክፍል

«ዛሬ ሊሸለም ነው እኮ» አለች ነርሷ፣ መስታወቱ ፊት ቆማ የጋዋኗን ወገብ ወደ ኋላ እየጎተተች። «በታካሚ አያያዝ አንደኛ ወጣ ተብሎ።» ሰፊዋ ተንበርክካ የጋዋኑን ጫፍ እያስተካከለች ነበርና በጥርሷ የያዘቻቸውን ሦስት እስፒሎች ሳታወጣ «ማን?» አለቻት። «የካርድ ክፍሉ ሰውዬ ነዋ። አምስት ሰዓት ላይ አዳራሽ ሰብስበው ሰርተፍኬት ይሰጡታል። ከሰኞ ጀምሮ ደግሞ የክፍል ኃላፊ ነው አሉ።» ነርሷ ወደ ጤና ጣቢያው ከተዛወረች ገና ሁለት ወሯ ነው፤ ለማን ምን እያወራች እንደሆነ በምን ታውቃለች? ወሬዋን ዘርግፋ፣ ጋዋኗን በፌስታል ይዛ ወጣች። ሰፊዋ እስፒሎቹን አንድ በአንድ ከአፏ አውጥታ መዳፏ ላይ ደረደረቻቸው። በሃያ ስምንት ዓመት የስፌት ሥራዋ አንድም እስፒል ውጣ አታውቅም፤ የዛሬው ግን ለጥቂት ነው የተረፈው።

ታናሽ እህቷ ሚጡ የሞተችው በዚያ ሰውዬ መስኮት ፊት ነው። ከአምስት ወር በፊት፣ አንድ ማክሰኞ ጠዋት፣ «ሆዴን» ብላ ተነሳች። ሁለቱ እህትማማቾች ተደጋግፈው ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሰውዬው ቀና እንኳ ሳይል በመስኮቱ ቀዳዳ ማኅተም ያለባት ቁራጭ ወረቀት ገፋላቸው፤ ሰማንያ ሰባት ትላለች። የሚጡ የድሮ ካርድ አልተገኘም፤ ያለ ካርድ ደግሞ ሐኪም አያይም። ታላቅየዋ መስኮቱ ሥር ቆማ ለመነችው። «ሲስተም የለም» አላት። ቆይታ ደግማ ለመነችው። «ለሁሉም እኮ ነው የምንሠራው፣ እህቴ» አላት። ለሦስተኛ ጊዜ ስትመጣ መጋረጃውን ጎትቶ «ሻይ ጠጥቼ መጣሁ» ብሎ ወጣ። ሚጡ የእንጨቱ አግዳሚ ላይ አራት ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች። መጀመሪያ አቃሰተች፣ ኋላ ዝም አለች። ዝም ስትል ታላቅየዋ ተሻላት ብላ ደስ ብሏት ነበር። ሰውዬው ስልሳ አንድ ቁጥርን ሲጠራ የሚጡ ራስ እህቷ ትከሻ ላይ ወደቀ። ሐኪሙ እየሮጠ ወጥቶ አያትና «ምነው ሁለት ሰዓት ቀደም ብላችሁ ብታመጧት» አለ። ይህቺ ቃል እንደ አጥንት ሰፊዋ ጉሮሮ ውስጥ ተሰንቅራ ቀረች።

ሚጡ የትምህርት ቤት ጸሐፊ ነበረች። ቀኑን ሙሉ የሰው ደብዳቤ ስትጽፍ ትውልና ማታ ቤት ስትገባ ላፕቶፗን ከፍታ ጨዋታ ትጫወት ነበር፤ ሰው ፈጥረሽ፣ ቤት ሠርተሽ፣ እያበላሽ እያስተኛሽ የምታኖሪበት ጨዋታ ነው። «አርባ ዓመት ሞልቶሽ የአሻንጉሊት ቤት?» እያለች ታላቅየዋ ትስቅባት ነበር። ከቀብሩ በኋላ አጽናኙ ሁሉ «ቻይው እንግዲህ፣ ምን ይደረጋል» ብሎ በየቤቱ ሲገባ የሚጡ ልጅ ላፕቶፑን አምጥታ አክስቷ ጭን ላይ አስቀመጠችላት። ሚጡ እዚያ ነበረች። ቢጫ ቀሚሷን ለብሳ አበባ ታጠጣለች። ሁለት ክፍል ተከራይተው የሚኖሩት ሦስቱ ሴቶች እዚያ ውስጥ ባለ ፎቅ ቤት ነበራቸው፤ ለታላቅየዋም ትልቅ መስኮት ያለው የስፌት ክፍል ተሠርቶላት ነበር፣ ሚጡ ግን አንድም ቀን አልነገረቻትም። ሰፊዋ ያን ዕለት ከቀብሩም ቀን የበለጠ አለቀሰች። ከዚያ ወዲህ በየቀኑ አሥራ ሁለት ሰዓት ሲል ሱቋን ትዘጋለች፣ ቤት ገብታ እጇን ትታጠባለች፣ ማውዙን ትይዛለች። ሚጡን ታበላለች፣ ገላዋን ታሳጥባታለች፣ አልጋዋ ላይ ታስተኛታለች፣ «ደህና እደሪ» ትላትና ላፕቶፑን ትከድናለች። ይህን ሳታደርግ እንቅልፍ በዓይኗ አይዞርም ነበር።

በሁለተኛው ወር ግን ሌላ ሰው ፈጠረች። ልጅቷ ፊት እንዴት እንደሚቀረጽ አሳይታት ነበርና ቦርጭ ጨመረችለት፣ ፀጉሩን ወደ ጎን አስተኛችው፣ መነጽር ሰካችለት። ከሚጡ ቤት ማዶ ባለው ባዶ መሬት ላይ አራት ግድግዳ አቆመችና፣ መሀሉ ላይ አንድ ወንበር አስቀምጣ ሰውዬውን እዚያ ከተተችው። በር አልሠራችለትም፤ መስኮትም የለው። ይርበዋል፣ ሽንቱ ይወጥረዋል፣ ሁለት እጁን ወደ ላይ እያወዛወዘ በማይገባ ቋንቋ ወደ እሷ ይጮኻል። ሊሞት ሲቃረብ አንድ ሳህን ምግብ ጣል ታደርግለታለች፤ ሞት ለሱ ሲያንሰው ነው። ከዚያ እንደገና ከሀ ይጀመራል። ልጅቷ አንዳንዴ ከአክስቷ ጀርባ ቆማ ታያለች፤ ምንም ግን አትልም። ስለ ሟቿ ሁለቱ ተነጋግረው አያውቁም፤ «እራት ልሥራ?»፣ «ሥሪ» ይባባላሉ፣ ነገሩ በዚያው ያበቃል። እያደር ሰፊዋ ላፕቶፑን ስትከፍት ሚጡ ጋ ጎራ ማለቱን ትታ ቀጥታ ወደ ሰውዬው ክፍል መሄድ ጀመረች። ሚጡ ምን ትሆናለች? ቤት አላት፣ ምግብ አላት፣ የሚነካት የለም።

ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ የሱቁ በር ተከፈተና አንድ ሰው በጎኑ ገባ። ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው ይባላል፤ በጎኑ የገባው ጀርባውን ለመንገደኛ ላለማሳየት ነበር። የኮቱን ጫፍ በሁለት እጁ ወደ ታች ወጥሮ ይዟል። «እትዬ፣ ታደጊኝ» አለ። «ከሚኒባስ ስወርድ ሱሪዬ ከኋላ ተተረተረ። አምስት ሰዓት ላይ ደግሞ ፕሮግራም አለብኝ፣ ሙሽራው እኔ ነኝ።» ሰፊዋ መጀመሪያ ያወቀችው ድምፁን ነው። ቀጥላ ፀጉሩን አየች፣ መነጽሩን አየች። ቦርጩን ጨዋታው ውስጥ አሳንሳበት ኖሯል። እሱ ግን አላወቃትም። አንድ ክንድ በማይሞላ ርቀት ቆማ አራት ሰዓት ስትለምነው ቀና ብሎ አላያትም፤ ያላየውን ፊት በምን ያስታውሰው? የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም የሚሉት ይኸው ነው። ከጤና ጣቢያው ጀርባ፣ በቁልፍ ቀራጩና በፎቶ ኮፒ ቤቱ መሀል ወደተሸጎጠችው ሱቅ እግር ጥሎት መጣ።

«ከመጋረጃው ጀርባ ግባና አውልቀህ አቀብለኝ» አለችው። «አሥር ደቂቃ አይፈጅም።»

እውነቷን ነው፤ አይፈጅም ነበር። ጥጉ ላይ በአበባማ መጋረጃ የተከለለች፣ አንዲት በርጩማ ብቻ የምታስገባ መለኪያ ቦታ አለች። ሰውዬው እዚያ ገብቶ ቀበቶውን ሲፈታ፣ ሲያቃስት፣ ጫማው እንቢ ሲለው ሰማችው። ሱሪው በመጋረጃው ላይ ተንጠልጥሎ መጣ፤ ገና ሙቀቱ አልወጣለትም። የተተረተረው ከአንድ ስንዝር አይበልጥም። ሰፊዋ ስፌቱን አየችው፣ መጋረጃውን አየችው። ከዚያ መሳቢያዋን ከፍታ ምላጭ አወጣች። ከኋላው ጀምራ እስከ ወገቡ ፈታችው፤ ከወገቡ ወደ ፊት ዞረች፤ በውስጥ እግሩ በኩል ወርዳ እስከ ጫፉ ተረተረችው፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ አንድ ሱሪ የነበረው ነገር ሁለት እግር ሆኖ ጠረጴዛው ላይ ተጋደመ። ብድግ ብላ ቆጣሪውን አጠፋችው። ከመሳቢያው ጥግ፣ ከአዝራር ቆርቆሮው ሥር፣ አምስት ወር ያስቀመጠቻትን ቁራጭ ወረቀት አንስታ በመጋረጃው ጎን እጇን አስገባች።

«ቁጥርህን ያዝ።»

«ብቻዬን ነኝ እኮ፣ እትዬ።»

«ይሁን፣ አሠራራችን ነው።»

ስልኩን እየነካካ ነበርና ወረቀቷን ሳያያት ተቀብሎ ሸሚዙ ኪስ ውስጥ ከተታት። ሰፊዋ ወንበሯ ላይ ተመልሳ ተቀመጠችና እጆቿን ጉልበቷ ላይ አደረገች። አንጀቷ ቅቤ ጠጣ። እንደዚህ ደስ ያላት መቼ እንደሆነ አታስታውስም። ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ከጎን የቁልፍ ቀራጩ መኪና ይጮኻል፣ መጋረጃው ሥር ሁለት ጥቁር ካልሲዎች ይታያሉ። አራት ሰዓት ሲሞላ ካልሲዎቹ መቁነጥነጥ ጀመሩ። «ደረሰ?» «መብራት የለም» አለችው። «ቁልፍ ቤቱ ጋ አለ መሰለኝ፣ ይሰማኛል።» «የነሱ መስመር ሌላ ነው።» «በእጅ አይሰፋም?» አለ። «ለሁሉም እኮ ነው የምንሠራው፣ ወንድሜ» አለችው፣ ቃሏን እንደ ስኳር ምላሷ ላይ እያሟሟች። የገዛ ቃሉን አላወቀውም። አራት ሰዓት ተኩል ላይ «በቃ እንዳለ ስጪኝ፣ በኮቴ ሸፍኜ እሄዳለሁ» ሲል አንዱን እግር በመጋረጃው ሥር ሰደደችለት፤ «ግማሹ ይኸው» አለችው። ብስጭት ብሎ ራሱን ከመጋረጃው ሊያወጣ ሲል ቀሚስ ለማሳጠር ሁለት ሴቶች ገቡና እንደ ዔሊ አንገቱን ሰበሰበ። ሰፊዋ ሴቶቹን ወንበር አቅርባ፣ ስለ ኑሮ ውድነት፣ ስለ ክር ዋጋ፣ ስለ ልጆቻቸው ትምህርት ጠይቃ፣ ሃያ ደቂቃ አስቀመጠቻቸው። ልክ አምስት ሰዓት ሲሆን ከነሱ ጋር ተነሳች። «ሻይ ጠጥቼ መጣሁ» አለች ወደ መጋረጃው ዞራ፤ በሩንም ከውጭ ቆለፈችው።

ሻይ ቤት ውስጥ ሁለት ብርጭቆ ሻይ ጠጣች። ሦስተኛ አዘዘችና ሳትነካው ቀዘቀዘ። አሁን አዳራሹ ውስጥ ስሙን ጠርተውት ሰው ሁሉ ወደ በሩ እየዞረ ነው አለች በሆዷ፤ አሁን እጁን ወደ ላይ እያወዛወዘ ይጮኻል። ስድስት ሰዓት ላይ ተመልሳ ቁልፉን አዞረች፤ ውስጥ ድምፅ የለም። «አለህ?» አለች። ካልሲዎቹ መጋረጃው ሥር አሉ፣ ግን አይንቀሳቀሱም። ሚጡም መጀመሪያ አቃስታ ኋላ ዝም ነበር ያለችው። መጋረጃውን በሁለት እጇ ገፈፈችው።

ሰውዬው ተኝቷል። ራሱን ግድግዳው ላይ አስደግፎ፣ ኮቱን ባዶ ጉልበቱ ላይ ጣል አድርጎ፣ አፉን ከፍቶ ያንኮራፋል። ያን ጊዜ ቆሽቷ አረረ። ሦስት ወር ሙሉ ሲጮህ ያየችው ሰው እንቅልፍ ጥሎት እፎይ ብሏል። በርጩማውን በእግሯ ነካችው፤ ነቃና ዓይኑን ጠረገ። «መጣ መብራቱ?» አለ። «ይቅር ግዴለም፣ ደውለውልኝ ነበር፤ ሰርተፍኬቱን ምክትሉ ተቀበለልኝ፣ ቤት ድረስ ያመጡታል። አንቺም አትጨነቂ፣ መብራት ነው፣ ምን ታደርጊ። መጠበቅ እኮ ምንም አይደለም፣ ሰው ነው የሚያካብደው።»

«ቁጥርህ ስንት ነው?» አለችው።

ፈገግ ብሎ ከኪሱ አወጣት። አነበበ፤ ገለበጣት፤ መነጽሩን ከፍ አድርጎ ቀረብ አደረጋት። «ይሄ የኛ ማኅተም ነው እኮ።»

«የእህቴ ነው። አምስት ወሩ ነው፣ ማክሰኞ ቀን። መስኮትህ ፊት፣ አግዳሚው ላይ ሞተች።»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። ለመጀመሪያ ጊዜ አያት። ከንፈሩ ተንቀሳቀሰ፤ ሰፊዋ ይህን ቅጽበት ስንት ማታ አስባዋለች፤ ይክዳል ብላለች፣ ይቆጣል ብላለች፣ እግሯ ላይ ይወድቃል ብላም ታውቃለች። «ያን ቀን ስንት ላይ ደርሰን ነበር?» አለ። «ስልሳ አንድ» አለች። ጣቱን እያጠፈ ቆጠረ። «እንግዲህ ገና ሃያ አምስት ሰው ከፊቷ ነበራ» አለ ዝግ ብሎ። የተናገረው በክፋት አልነበረም። ሒሳቡ ነው።

ሰፊዋ ሄዳ ቆጣሪውን ከፈተችው፤ የመኪናዋ አምፖል ቦግ አለ። ሰውዬው አምፖሉን አየ፣ እሷን አየ፣ የሰጠችውን አንድ እግር መለሰላትና መጋረጃውን ራሱ መልሶ ጎተተው። ሁለቱን እግሮች አንድ ለማድረግ ሩብ ሰዓት አልፈጀባትም። ከእሷ እጅ የወጣ ልብስ ተተርትሮ አያውቅም፤ መንደሩ ሁሉ በዚህ ነው የሚያውቃት። የስፌት ጫፍ ወደ ኋላ ተመልሶ ካልታሰረ ከአንድ ጎንበስ ቀና በላይ እንደማያልፍ ግን እንኳን እሷ መኪናዋም ታውቃለች። ከኋላ በኩል ያለውን ስፌት አርዝማ፣ አላልታ፣ ጫፉን ሳታስር ለቀቀችውና ሱሪውን በመጋረጃው ላይ ሰቀለችለት። ለብሶ ወጣና «ስንት ነው?» አለ፣ ዓይኑን መሬት ላይ ተክሎ። «የዓመቱ ምስጉን ሠራተኛ አይከፍልም» አለችው። ቁጥሯን በርጩማው ላይ ትቷት ሄደ። ሰፊዋ አንስታ ኪሷ ከተተቻትና በሩ ላይ ቆማ እስከ ፌርማታው በዓይኗ ሸኘችው። ሚኒባሱ ቆመ፣ ሰውዬው እግሩን ደረጃው ላይ አነሳ፣ ረዳቱና ከኋላ የተሰለፉት ሴቶች በአንድ ጊዜ ሳቁ። እሷም ሳቀች። ሳቋ ግን ጉሮሮዋ ጋ ሲደርስ ቆመ፤ አጥንቷ እዚያው ናት።

አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ቤቷ ገብታ እጇን ታጠበችና ላፕቶፑን ከፈተች። ልጅቷ ከጠረጴዛው ማዶ ሽንኩርት ትከትፋለች። በር የሌለው ክፍል ውስጥ ሰውዬው ቆሞ ሲወዛወዝ ቆየና ወለሉ ላይ እጥፍ ብሎ ተኛ። ስንት ጊዜ እንደዚህ ሲተኛ አይታዋለች፤ ዛሬ ግን አላስቻላትም። «ዛሬ መጥቶ ነበር» አለች፣ ዓይኗን ከስክሪኑ ሳትነቅል። ከዚያ ሁሉንም ተናገረች፤ ሱሪውን፣ ሻዩን፣ ማንኮራፋቱን። «ሃያ አምስት ሰው ከፊቷ ነበር አለኝ» ስትል ልጅቷ ቢላዋውን አስቀመጠች።

«እናቴንስ መቼ ነው ያየሻት?» አለች ልጅቷ። «ጨዋታው ውስጥ።»

«እናትሽ ደህና ናት። ቤቷ ናት፣ ትበላለች፣ ትተኛለች...»

«አክስቴ፣ እሱ ቤት ስትሆኚ የሷ ቤት ይቆማል። ጨዋታው የሚያስኬደው አንቺ ያለሽበትን ቤት ብቻ ነው። ሌላው ትተሽው በሄድሽበት ቦታ ላይ ሆኖ ይጠብቅሻል።»

ሰፊዋ እጇ ማውዙ ላይ ቀረ። «ለምን አልነገርሽኝም ታዲያ?»

ልጅቷ ጣቷን በፎጣ ጠረገች። «እኔም እሱ ሲራብ ማየት ደስ ይለኝ ነበር።»

ሰፊዋ የሚጡን ቤት ነካችው። ላፕቶፑ አሮጌ ነውና እስኪከፍት ድረስ አቃሰተ። ሚጡ ቢጫ ቀሚሷን እንደለበሰች፣ ባዶ ሳህን እንደያዘች፣ ወጥ ቤቱ መሀል ቆማለች፤ ከሦስት ወር በፊት አክስትና ልጅ ትተዋት በሄዱበት ሰዓት፣ በዚያችው ማታ። የረሃቧ መስመር ቀይ ነው፣ የእንቅልፏም ቀይ። ቤቱ መንቀሳቀስ ሲጀምር ወደ እነሱ ዞረችና ሁለት እጇን ወደ ላይ አንስታ እያወዛወዘች በማይገባ ቋንቋ ጮኸች። ሰፊዋ ያን የእጅ አነሳስ ጠንቅቃ ታውቀዋለች፤ ሦስት ወር ስትጠግበው የከረመችው እሱን ነው። «መጣሁ፣ መጣሁ የኔ እናት» አለች። ልጅቷ ወንበሯን ስባ ከአክስቷ ጎን ተቀመጠች፤ እንደዚህ ሲቀመጡ ይህ የመጀመሪያቸው ነው። ሚጡን አበሏት። ሳህኑን ጨርሳ ስትደግም ዝም ብለው አዩዋት። ገላዋን አሳጠቧት፣ አልጋዋ ላይ አስተኟት፣ መብራቷን አጠፉላት። «ደህና እደሪ» አሉ ሁለቱም፣ አንዷ ጮክ ብላ፣ አንዷ በሹክሹክታ። ሰፊዋ ዓይኗን በመዳፏ ጠረገች፤ እያለቀሰች እንደነበር ያወቀችው ያኔ ነው።

«እሱስ?» አለች ልጅቷ፣ በአገጯ ከሚጡ ቤት ማዶ ያለውን ክፍል እያሳየች። ሰውዬው ወለሉ ላይ እንደተኛ ቀርቷል፤ አሁን የሱ ቤት ተራ ነው ቆሞ የሚጠብቀው። ሰፊዋ ከኪሷ ቁራጯን ወረቀት አውጥታ ጠረጴዛው ላይ በመዳፏ ዘረጋቻት፣ የተጨማደደችበትንም በጥፍሯ አቃናችው።

«ይጠብቅ» አለች። «ሰማንያ ሰባት ነው። ሲደርስ ይጠራል።» ላፕቶፑንም ከደነችው።